«ሲስተም የለም»፦ ሰርቨር የሚጥል ትንሽ መልእክትና ቢቸናና ሞጣ የማይደርስ ጥገና

ባንክ ገብታችሁ፣ ወረፋ ይዛችሁ፣ ልክ ተራችሁ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ቢቸናም ሞጣም፣ ደብረ ማርቆስም አዲስ አበባም ይህችን ቃል የማያውቅ የለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መብራት ነው፣ ወይ የተቆረጠ ፋይበር ነው። አንዳንዴ ግን መብራቱም አለ፣ ፋይበሩም ደህና ነው፣ ማሽኑ ብቻ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ማንም አልነካውም፣ ማንም ፓስወርድ አልሰረቀም። ከሩቅ የመጣች ትንሽ መልእክት ናት ያቆመችው።

ይህ ዓይነቱ ክፍተት በባለሙያዎቹ ቋንቋ ከርቀት አገልግሎት ማስተጓጎል ይባላል። ለምን እኛን እንደሚመለከት የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። የሆነው በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ነው። ያ ሰኔ ለሌላ ጉዳይ እንደሚታወስ አውቃለሁ፤ እሱም ይመጣል።

ሰኔ 10 ቀን 2011 (እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2019) የኔትፍሊክስ ኢንጂነር የሆነው ጆናታን ሉኒ ያገኛቸው ክፍተቶች ይፋ ሆኑ። ዋናው ሲቪኢ-2019-11477 የሚል የመዝገብ ቁጥር አለው፤ ሰው የሚያውቀው ግን «ሳክ ፓኒክ» በሚለው ስሙ ነው። ክፍተቱ የነበረው ሊኑክስ ውስጥ ነው። ሊኑክስን «እኔ አልጠቀምም» የሚል ካለ፣ አንድሮይድ ስልኩ የተሠራው በሊኑክስ ላይ ነው። የምትከፍቷቸው ድረ ገጾች አብዛኞቹ ሰርቨሮች፣ የዋይፋይ ራውተሩ፣ የሆቴሉ የካሜራ መቅጃ ሳይቀር ሊኑክስ ናቸው። ክፍተቱ ደግሞ ከ2.6.29 ቅጂ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ!

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በኛው መንገድ እንየው። ከቢቸና ተነስቶ በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ የሚገባ አይሱዙ አስቡ። የቢቸናው ነጋዴ ጤፍ በአሥር ጆንያ፣ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ጽፎ ይልካል። ሞጣ ሲራገፍ አምስተኛው ጆንያ የለም። ተቀባዩ ይደውልና «እስከ አራት ደርሶኛል፣ ከስድስት እስከ አሥርም ደርሶኛል፣ አምስተኛውን ብቻ ላክልኝ» ይላል። ላኪው አንድ ጆንያ ብቻ ይልካል፣ ነገሩ ያልቃል። ይህ አነጋገር ከሌለ ግን ተቀባዩ «እስከ አራት ደርሶኛል» ብቻ ነው የሚለው፤ ላኪው ደግሞ የደረሰውንም ጭምር እንደገና ሊጭን ነው።

ኢንተርኔት ላይም መረጃ የሚጓዘው እንዲሁ ተቆራርጦ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ፓኬት ይባላል (በካርድ ከምንገዛው ፓኬጅ ጋር እንዳታምታቱት)። «ይኼኛው ደርሷል፣ ያኛው ቀርቷል» የሚለው የመልስ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1996 የጸደቀ ሲሆን ስሙ በአጭሩ ሳክ ነው። ሳክ ደግሞ በእንግሊዝኛ ጆንያ ማለት ነው፤ የኢንተርኔቱ ስም የሌላ ረጅም ስም አጽሕሮት ቢሆንም ለምሳሌያችን ግን ተመችቶናል። ጠቃሚ ፈጠራ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ያለ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ይጠቅመዋል።

አሁን ተንኮለኛ ተቀባይ መጣ እንበል። «እኔ በጆንያ አልቀበልም፤ በቡና ሲኒ ሲኒ እየሰፈርክ ካልሆነ አይሆንም» ይላል። ላኪው ደንቡ ስለሚያዘው እሺ ይላል። በኮምፒውተሩ ዓለም ይህ ሲኒ 48 ባይት ነው። ከዚያ ውስጥ 40ውን ለተጨማሪ የመቆጣጠሪያ መረጃ ማስያዝ ስለሚቻል ለትክክለኛው መረጃ የሚተርፈው 8 ባይት ብቻ ይሆናል። ሊኑክስ በአንድ ጭነት እስከ 17 ክፍል፣ እያንዳንዱ 32 ኪሎባይት ድረስ ይይዛል። በድምሩ 557,056 ባይት ነው። ይህን በ8 ስታካፍሉት 69,632 ሲኒ ይመጣል።

ችግሩ እዚህ ነው። ሊኑክስ ሲኒዎቹን የሚቆጥርበት ደብተር ከ65,535 በላይ መጻፍ አይችልም። ያ የ16 ቢት ቁጥር ጣሪያ ነው። ቆጠራው ጣሪያውን ሲያልፍ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል፣ ልክ የመኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ሞልቶ እንደሚዞረው። ከዚያ ተቀባዩ በተመረጠ ቅደም ተከተል «ይኼ ደርሶኛል፣ ያ ደርሶኛል» እያለ የሳክ መልእክት ይልካል። ሊኑክስ ሂሳቡን ሲያወራርድ የማይሆን ቁጥር ያገኛል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የተሰጠው ትእዛዝ ራስህን አቁም የሚል ነው። በቃ፣ ማሽኑ ይቆማል። ፓኒክ የሚባለውም ይኼ ነው።

ልብ በሉ፤ ማንም ሊንክ አልተጫነም፣ ማንም ፋይል አላወረደም። አጥቂው ለሁሉም ክፍት የሆነ አንድ አገልግሎት፣ ለምሳሌ ተራ ድረ ገጽ፣ ካገኘ ይበቃዋል። «ያልታወቀ ሊንክ አትክፈቱ» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ ምንም አይሠራም።

65,535 የምትለዋን ቁጥር የድሮ ሰዎች ያውቋታል። እ.ኤ.አ. በ1996 «ፒንግ ኦፍ ዴዝ» የሚባል ጥቃት ነበር። የአንድ ፓኬት የመጨረሻ መጠን 65,535 ባይት ሆኖ ሳለ፣ ተቆራርጦ ተልኮ ሲገጣጠም ከዚያ የሚበልጥ መልእክት እየላኩ ዊንዶውስ 95ን ጨምሮ የብዙ ዓይነት ኮምፒውተሮችን ይጥሉ ነበር። ከ23 ዓመት በኋላ ዓለም ተመልሶ እዚያችው ቁጥር ላይ ተሰናከለ። ስለዚህ «ድሮ ቀርቷል» የሚባል ስህተት የለም፤ ተመሳሳዩ ነገ በሌላ በር ይመጣል።

ሳክ ፓኒክን በተመለከተ ዓለም አልቆመም። ምክንያቱ ክፍተቱ ቀላል ስለነበር አይደለም። ማስተካከያው ከዜናው ጋር በአንድ ቀን ወጣ፣ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎችም አወረዱት። ማስተካከያውን ለማውረድ ጊዜ ላጣ ደግሞ ሳክን ለጊዜው የሚያጠፋ አንድ መስመር ትእዛዝ አብሮ ተሰጠው። እንግዲህ መዳኛው ይኼ ነው፤ አውርዱ፣ ጫኑ፣ ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩ።

አሁን ወደዚያ ሰኔ እንመለስ። ዜናው ከመውጣቱ ከስድስት ቀን በፊት፣ ሰኔ 4፣ በብሔራዊ ፈተና ሰሞን በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ዜናው ሰኔ 10 ወጣ። ሰኔ 15 ማታ ባህር ዳር ላይ የክልሉ ፕሬዚዳንት ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን ተገደሉ። ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ድርግም አለ። የሞባይል ዳታ የተመለሰው ከሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። ማለትም የዓለም ሰርቨር አስተዳዳሪዎች ተሯሩጠው በሚጠግኑባቸው ቀናት ኢትዮጵያ ውስጥ ማውረጃ መንገዱ ራሱ ዝግ ነበር።

በዚያው ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኢንተርኔት ውሃም አየርም እንዳልሆነና የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ሁከት ከመጣ እንደሚዘጋ ተናገሩ። የመዝጋቱ ክርክር ሁልጊዜ ይኼው ነው፤ ለደህንነት ሲባል። እኔም በዚያ ሰሞን ሰው እንዳላለቀ፣ ወሬ እንዳልገደለ አድርጌ አልጽፍም። ግን ደህንነት ሲባል የማሽኖቹም ደህንነት አለ። እሱ ደግሞ በተዘጋ ቁጥር ይጎዳል።

እንዴት? አንዳንዱ አንባቢ «ኢንተርኔት ከተዘጋ አጥቂውም አይገባም፣ እንዲያውም ይሻላል» ሊል ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግማሹም እውነት ነው። ሞጣ ያለ ኮምፒውተር ከዓለም ተቆርጦ ሳለ ከውጭ ያለ ሰው ሊደርስበት አይችልም። ግን መዝጊያው አንድ ቀን ይከፈታል። ሲከፈት በአንድ ክልል ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ቀን፣ የሳምንታት ወይም የወራት ጥገና ጎድሏቸው ወደ ኢንተርኔት ይመለሳሉ። በዚያ መሀል ክፍተቱ ለዓለም ሁሉ ታውቋል። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም፦ ማስተካከያ የወጣ ቀን የክፍተቱም ካርታ ወጣ ማለት ነው። አጥቂው አሮጌውንና አዲሱን ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጦ የተለወጠችውን መስመር ካየ ክፍተቱ የት እንደነበር ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልጠገነ ሰው ከትናንቱ የበለጠ ተጋላጭ ነው።

ደግሞስ ዳታ ሲለቀቅ መጀመሪያ ምን እናደርጋለን? ቴሌግራም እንከፍታለን፣ የቀረብንን መልእክት እናያለን፣ ዘመድ በቪዲዮ እናገኛለን። ያለን ፓኬጅ እዚያ ያልቃል። ስልኩ «አዲስ አፕዴት አለ» ሲል «በኋላ» የምትለዋን እንጫናለን። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ አንድ አፕዴት የሳምንት ፓኬጅ ሊጨርስ ይችላል። አፕዴትን ጨርሶ ማጥፋት እኮ በየሞባይል ቤቱ እንደ ጥሩ ምክር ነው የሚሰጠው፣ «ዳታ እንዳይበላባችሁ» ተብሎ። አፕሊኬሽን ራሱ ከሰው ስልክ በዜንደር ነው የሚወሰደው። በዜንደር ግን የቴሌግራም ቅጂ ይገኛል እንጂ የስልኩ ሲስተም ጥገና አይገኝም።

የ2011ዱ መዝጊያ ደግሞ አጭር ነበር። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ከድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ አገሩ ሁሉ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። አማራ ክልል ላይ ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። በተወሰኑ ትላልቅ ከተሞች መመለስ የጀመረው እንኳ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ለአንድ ስልክ ዓመት ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። በዚያ ጊዜ አንድሮይድ የደህንነት ማስተካከያ የሚያወጣው በየወሩ ነበር። ብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች ደግሞ ከአምራቹ ማስተካከያ የሚያገኙት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ከዚያች ጥቂት ላይ አንድ ዓመት ተቆርጦ ሄደ።

ሞጣ አካባቢ ያላችሁ ሰባራ ድልድይን ታውቁታላችሁ። ጎጃምን ከጎንደር በዓባይ ላይ የሚያገናኘው ያ የጥንት ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገር ተብሎ በአርበኞች ተሰበረ። ምክንያቱ ትክክል ነበር። ጣሊያን ከአምስት ዓመት በኋላ ሄደ፤ ገበያተኛው ግን ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚሻገረው። ኢንተርኔት ሲዘጋ ሁልጊዜ ይኼ ነገር ትዝ ይለኛል። የተዘጋበት ምክንያት ያልፍና ጉዳቱ ይቀመጣል።

ሕጉም አስገራሚ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኮምፒውተር ሥርዓትን መደበኛ ሥራ ያለ ፈቃድ ማደናቀፍን፣ ማቋረጥን ወንጀል ያደርጋል። ሳክ ፓኒክን ተጠቅሞ የአንድ ባንክ ሰርቨር የጣለ ልጅ በዚህ ይከሰሳል፣ ተገቢም ነው። ወረፋ ላይ ላለው ሰው ግን ሰርቨሩ በሳክ ቢወድቅም፣ ኔትወርኩ ከላይ ቢዘጋም የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ ሲስተም የለም። ልዩነቱ ያለው «ያለ ፈቃድ» የምትለዋ ሐረግ ላይ ብቻ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው፣ ለስንት ቀን ነው፣ ሲያልቅስ ለማን ይነገራል? ክርክሩ እዚህ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አሁን ስለ ፍርሃቱ መጠን። «ስለዚህ ስልኬ ዛሬ ማታ ሊወድቅ ነው?» ለሚል፣ አይደለም። ስልካችሁ በሞባይል ዳታ ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከኦፕሬተሩ መሣሪያዎች ጀርባ ስለሚቀመጥ ከውጭ ያለ ሰው በቀጥታ አያገኘውም። የሳክ ፓኒክ ዋና ዒላማ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሰርቨር ነው። እኔን ከስልኩ ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ማንም የማያያቸው ሳጥኖች ናቸው። የጤና ጣቢያው ራውተር፣ የቁጠባ ማኅበሩ ኮምፒውተር፣ የሆቴሉ ካሜራ። ተተክለው ከተበሩ በኋላ አቧራ እስኪለብሱ ማንም አይነካቸውም።

ፎቶ ኮፒ ቤቶቹን ደግሞ መርሳት የለብንም። ነሐሴ 7 ቀን 2016 ማይክሮሶፍት የጠገነው ሲቪኢ-2024-38063 የሚባል የዊንዶውስ ክፍተት ነበር። እሱም በኔትወርክ ሶፍትዌሩ ውስጥ፣ አይፒቪ6 በሚባለው ክፍል ነው። ከሳክ ፓኒክ ይከፋል፤ ማሽኑን ማስቆም ብቻ ሳይሆን አጥቂው የራሱን ፕሮግራም እንዲያስኬድበት ሊፈቅድ ይችል ነበር። ባለቤቱ ምንም መጫን አይጠበቅበትም። አይፒቪ6 ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ሳትነኩት የበራ ነው፣ ስለዚህ ከኢንተርኔት ባይሆን እንኳ እዚያው ዋይፋይ ውስጥ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ሊመጣ ይችላል። «ኢንተርኔት ከተዘጋ አጥቂው አይገባም» የምትለው መከራከሪያ የቀረችው ግማሽ እዚህ ላይ ትወድቃለች። የሥራ ማመልከቻችንን የምንጽፍበት፣ የትምህርት ማስረጃችንን ስካን የምናደርግበት ኮምፒውተር ስንቱ ነው አፕዴቱ የበራ? ዊንዶውስ 10 ራሱ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ጀምሮ መደበኛ የነጻ ድጋፉ አብቅቷል።

ምን ይደረግ ከተባለ፣ ትልቁ ነገር በእኛ እጅ አይደለም። ኦፕሬተሮቹ የአንድሮይድና የዊንዶውስ የደህንነት አፕዴትን ከፓኬጅ ውጭ በነጻ ቢያደርጉት ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር። ሳፋሪኮም እስኪገባ ድረስ አንድ ኦፕሬተር ብቻ ነበረን፤ አሁን ሁለት ናቸው፣ የትኛው ይቀድማል? መንግሥትም ሞባይል ዳታ መዝጋቱን ባያቆም እንኳ ለጥገና የሚሆን መንገድ ክፍት ሊተው ይችላል። አንዳንዴ በዘጉበት ሰሞን ለሚመለከታቸው ተቋማት የተለየ መስመር መኖሩ የሚቻል ነገር መሆኑን ያሳያል፤ ጥያቄው ለጤና ጣቢያውና ለፎቶ ኮፒ ቤቱም ይድረስ የሚል ነው።

በእጃችን ያለው ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ቴሌብርን በ*127#፣ የንግድ ባንክን በ*889# መጠቀም የለመደ ሰው ዳታ ቢጠፋም ሙሉ በሙሉ አይታገድም፤ እነዚህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ናቸው። አፕዴቱን ደግሞ ዋይፋይ ያለበት ቦታ፣ ካፌም ይሁን ካምፓስ፣ ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ ማውረድ ነው። ሞባይል ቤት ያላችሁ ልጆች ዋይፋይ ካላችሁ ስልክ ሊሠራ ለመጣ ሰው አፕዴቱንም ብትጭኑለትና ትንሽ ብታስከፍሉት ማንም የሚጠላ አይመስለኝም። ራውተር ያለበት ቢሮ የምትሠሩ፣ ያስገባላችሁን ቴክኒሻን «መቼ ነው የታደሰው?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

ስልካችሁን ለማየት ሴቲንግ ግቡ፣ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ክፈቱ፣ የአንድሮይድ ቅጂውን ንኩት። «የደህንነት ማስተካከያ» ከሚለው አጠገብ ቀን ታያላችሁ። ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከደብረ ወርቅ፣ ካላችሁበት ሁሉ የከተማችሁን ስምና ያን ቀን ብቻ ከታች ጻፉልን። ስም አያስፈልግም፣ ስልክ ቁጥርም እንዳትጽፉ። ቀኖቹን ሰብስበን ለሁለቱም ኦፕሬተሮች ከላይ ካለው ጥያቄ ጋር እንልካለን፤ ከመለሱም መልሳቸውን እዚሁ ታነባላችሁ።